ጋሽ መኩሪያን ማን ይንካቸው

ታክሲ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ጎን ተቀምጠው ያውቃሉ? ሲገቡ ለረዳቱ «ልደታ ላይ ወራጅ አለ» ሲሉ ሰምተዋቸዋል። ሜክሲኮን ሳያልፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ታክሲው ልደታ ደረሰ። ረዳቱ ተጣራ፣ መልስ የሰጠው አልነበረም፣ በሩን ዘጋ። እርስዎ እጅዎን ከጉልበትዎ ላይ ትንሽ አነሡና መልሰው አስቀመጡት። የማያውቁትን ትልቅ ሰው ትከሻ ነክቶ መቀስቀስ ከበደዎት። «ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል» ብለው ራስዎን አጽናኑ። ይህ ደርሶብዎት ያውቃል?

በእኔ ደርሷል። ታክሲውን ያነሣሁት ግን ስለ ትንፋሽ ልነግርዎት ስለፈለግሁ ነው። ሁለቱ የት እንደሚገናኙ ቀስ ብዬ አስረዳለሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁ፣ ሥራዬም እሱ ነው።

ዛሬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት የዋና አስተማሪ ነበርኩ። ዕድሜዬ ለጡረታ ገና ነው፤ ያ ሥራ ግን አልቆ ተዘግቷል፣ የምመለስበትም አይመስለኝም። ስለዚህ እንደ ጡረተኛ ወደ ኋላ ዞሬ ብጽፍ የሚከለክለኝ የለም።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ ሆቴል ነበር። አለቃዬ ጫማው እንዳይረጥብ ከገንዳው ርቆ ቆሞ በእጁ ምልክት የሚያዘን ሰው ነበር። ከዚያ ላንጋኖ ሄጄ በአንድ ማረፊያ የውሃ ዳር ጠባቂ ሆንኩ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ክንድዎን ቢያጠልቁ ጣትዎን አያዩም። እዚያ የተማርኩት ትልቁ ነገር የሚሰጥም ሰው እንደማይጮኽ ነው። ሰው ሁሉ ጩኸት ይጠብቃል። የሚሰጥመው ግን ዝም ብሎ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው የሚወርደው።

ሦስተኛው ሥራዬ ልደታ ነበር፤ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር የተከለለ ያረጀ ገንዳ። ደመወዙ ከሆቴሉ ያንሳል፣ ውሉም በየጊዜው ይታደሳል። የሄድኩት ለጋሽ መኩሪያ ስል ነው።

ጋሽ መኩሪያ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ባለ ትልልቅ ጆሮ ሰው ነበሩ። ወጣት ሳሉ ምጽዋ ላይ መርከብ ሥር እየጠለቁ ሠርተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ባሕር አላዩም። በዚያ ገንዳ ግን በአንድ ትንፋሽ መጥለቅን ያስተምሩ ነበር። ያለ አየር ሲሊንደር፣ ያለ ቱቦ፣ በያዙት አየር ብቻ ወርዶ መውጣት ነው። የአብነትና የጌጃ ሰፈር ልጆች ይህን በስልክ አይተው ነው የሚመጡት። ሁሉም ዛሬውኑ ቢሾፍቱ ሐይቅ መግባት ይፈልጋል።

«ቢሾፍቱ የትም አይሄድም» ይሏቸዋል ጋሽ መኩሪያ። «መጀመሪያ ሲሚንቶው ላይ ተኛ።»

ልጁ ይተኛል። ጋሽ መኩሪያ አንድ እግር ሸበጥ አውልቀው ሆዱ ላይ ያስቀምጡለታል። ትምህርቱ ይኸው ነው። ትንፋሽ ሲገባ ሸበጡ ከፍ፣ ሲወጣ ዝቅ ማለት አለበት፤ ደረትና ትከሻ አይንቀሳቀሱም። ማውጣቱ ከማስገባቱ ይረዝማል። ሸበጡ ከዘለለ ልጁ ቸኩሏል። ሸበጡ መኖሩ እስኪረሳ ድረስ ቀስ ሲል፣ ልብም አብሮ ቀስ ሲል፣ ያኔ አንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ ከሆድ እስከ ደረት፣ ሳይጨናነቁ መሳብ። ዝግጅቱ ይህን ያህል ነው። ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ልጆቹ ይህን አያምኑም። ከመጥለቁ በፊት ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል መተንፈስ ሳንባን የሚሞላ ይመስላቸዋል። ጋሽ መኩሪያ እንዲህ ያለውን ሲሰሙ ከገንዳው ማዶ ይጣራሉ።

«ማነው ወናፉ? ማረሻ ልትስል ነው?»

ለምን እንደሚከለክሉ ማስረዳት የእኔ ድርሻ ነበር። ለልጆቹ የምነግራቸውን ለእርስዎም ልንገርዎት። ቤትዎ የካርድ ቆጣሪ ካለ፣ መብራቱ ሊያልቅ ሲል ጢጥ ጢጥ ይላል። ሰውም እንዲሁ ነው። ትንፋሽ ይዘን ስንቆይ «ተንፍስ፣ ተንፍስ» እያለ የሚያስጨንቀን የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ በውስጣችን የሚጠራቀመው የተቃጠለ አየር ነው። ጩኸቱ እሱ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ይህን የተቃጠለ አየር አስቀድሞ ያራግፋል፤ ኦክስጅኑን ግን የሚጨምረው እምብዛም ነው። ካርድ ሳይሞላ የቆጣሪውን ጩኸት አጠፋ ማለት ነው። ውሃ ውስጥ ደስ ይለዋል፣ ጭንቀት የለም፣ «ዛሬስ ጎበዝ ሆንኩ» ይላል። ከዚያ መብራቱ ይጠፋል። ራሱን ሲስት አያውቀውም። ውሃው ጥልቅ መሆን አያስፈልገውም፤ ቆመው የሚራመዱበት ውሃ ይበቃል።

ስለዚህ ማንም ብቻውን አይገባም። አንዱ ትንፋሽ ይይዛል፣ አንዱ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ስልክ አይይዝም። ጋሽ መኩሪያ «ወይ ሰዓቱን ታያለህ ወይ ጓደኛህን። ሁለት ዓይን አለኝ አትበለኝ፤ ሁለቱም የሚያዩት አንድ ቦታ ነው» ይሉ ነበር። በግንባሩ ተንሳፍፎ ትንፋሽ የያዘውን ሰው ጠባቂው በየመሐሉ ትከሻውን ይነካዋል፤ ያ ሰው ደህና ከሆነ አንድ ጣቱን ያነሣል። ጣቱ ካልተነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገማል። አሁንም ካልተነሣ ጥያቄ የለም፤ አገጩን ይዞ ፊቱን ወደ ሰማይ መገልበጥ፣ የዋና መነጽሩን ማውለቅ፣ ጉንጩ ላይ እፍ ማለት፣ በስሙ ጠርቶ «ተንፍስ» ማለት። ካልተነፈሰ ትንፋሽ መስጠትና እርዳታ መጥራት።

ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው ሲጠብቁ የቀኝ እግር ሱሪያቸውን ብቻ ይጠቀልላሉ። መጀመሪያ ውሃ የሚገባው እሱ ነው፤ ሌላውን ለመጠቅለል ጊዜ አይኖርም ብለው ነው። ሰው ከውሃ ወጥቶ አየር ሲስብ ደግሞ አገጩን አይለቁም። በደንብ እንዲስብ፣ ጥቂት እንዲይዝ፣ እንዲለቅ ያደርጉና «ማን ነኝ?» ይሉታል። «ጋሽ መኩሪያ» ካላለ አይለቁትም። ወጥቶ አየር ከሳበ በኋላም ራሱን የሚስት አለና።

ቢኒን ያዳኑት እንዲህ ነው። ቢኒ የአብነት ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የአብነት ዓሣ ነኝ» አላቸው በመጀመሪያው ሳምንት።

«ዓሣ ብትሆን ይሄኔ ድስት ውስጥ ነበርክ» አሉት። «ተኛ።»

አንድ ቀን ተደብቆ ወናፉን ነፍቶ ገባ። እኔ አላየሁትም፤ ጠባቂው ጓደኛውም ቢኒ ጎበዝ ሆነ ብሎ ይስቃል። ጋሽ መኩሪያ ከማዶ ሆነው ከቢኒ አፍንጫ የወጡትን ጥቂት አረፋዎች አዩ። አልጮኹም። ስመለከት ውሃ ውስጥ ናቸው፣ የቢኒ አገጭ በእጃቸው ነው፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እፍ አሉበት። «ቢንያም። ተንፍስ።» ሳበ። ዓይኑን ገለጠ።

«ማን ነኝ?»

«... ጋሽ መኩሪያ።»

«አንተስ?»

«ድስት ውስጥ ያለው» አለ ቢኒ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ መኩሪያ አልሳቁም። የዚያን ቀን ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ቢኒን ከዓይናቸው አላራቁትም።

ከልጆቹ ሁሉ እርሳቸውን የመሰለው ከድር ነበር። አባቱ አብነት ሱቅ አላቸው። ከድር ጋሽ መኩሪያ ቆመው አይቀመጥም፤ ሲያናግሩት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ፎጣቸውን ሳይጠይቁት ይዞ ይጠብቃል። እንደ እርሳቸው የቀኝ እግሩን ሱሪ ብቻ መጠቅለል ጀምሮ ነበር። ጓደኞቹን ሲጠብቅ ዓይኑን አይነቅልም፤ ጣት ካልተነሣ ወዲያው ነው የሚገለብጣቸው። ቢኒ አንዴ ለቀልድ ጣቱን አላነሣ ብሎ ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ተገልብጧል።

አንድ ነገር ግን ያኔ ልብ ያላልነው ነበር። ጥንድ የምናደርገው እኩያን ከእኩያ ነው። ጋሽ መኩሪያ ሁልጊዜ ጠባቂ ናቸው፤ ተጠብቀው አያውቁም። በዚያ ገንዳ አንድም ልጅ የትልቅ ሰው አገጭ ይዞ አያውቅም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሱራፌል ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ባለቤቶቹ ገንዳውን ሞልተው መኪና ማቆሚያ ሊያደርጉት እንዳሰቡ ነገረን።

«ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለኝ። «ወላጅ መጥቶ የሚያየው ሆዱ ላይ ጫማ ተቀምጦለት የተኛ ልጅ ነው። ለዚህ ማን ልጁን ያስመዘግባል? አንድ እሑድ ሰው እንጥራ። ጋሽ መኩሪያ ውሃው ላይ ትንፋሽ ይዘው ይታዩ። ሰው ከመጣ ገንዳው ይተርፋል።»

«እኔ ትርኢት አላውቅም» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ዝም ብሎ መንሳፈፍ ነው እኮ ጋሼ። ለእርስዎ ምን አላት?»

ገንዳውን አዩት፣ ልጆቹን አዩአቸው። ከዚያ ዞረው «ከድር፣ አንተ ትጠብቀኛለህ» አሉ።

ከድር ደነገጠ። «እኔ? ጋሼን?»

«ታዲያ ማን? ቢኒን ልመን?»

«ጋሼ፣ እኔማ ገና ሳይጀምሩ ነው ጎትቼ የማወጣዎት» አለ ቢኒ። እንደገና ሳቅን። ያን ሳቅ አሁን ሳስታውሰው ያመኛል።

እሑድ ሰው መጣ፤ ካሰብነው በላይ መጣ። እኔ ጥልቀት በሌለው በኩል ጀማሪዎቹን ይዤ ለወላጆች ስለ ሸበጡ አስረዳለሁ። ጋሽ መኩሪያ ማዶ ሲዘጋጁ አየኋቸው። ወናፍ የለም፣ ችኮላ የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ትከሻቸው ሳይነቃነቅ ተነፈሱ፣ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ሳቡ፣ በግንባራቸው ተኙ። ዝግጅታቸው ሁልጊዜ እንደሚያስተምሩት ነበር። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር እንዲገባዎት ነው፤ በትክክል የተዘጋጀ ሰውም ራሱን ይስታል። ያን ቀን እህል አልቀመሱም ነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ ውለዋል። ምክንያቱ እሱ ይሁን ዕድሜ፣ ወይስ ገንዳውን ለማትረፍ ብለው ከልካቸው አልፈው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አቶ ሱራፌል ማይክሮፎን ይዞ ደቂቃ ይቆጥራል። ሰው ያጨበጭባል። እኔ የማየው ከጎናቸው ውሃ ውስጥ የቆመውን የከድርን ጀርባ ነው። ጎንበስ ሲል አየሁ፤ ነካቸው ማለት ነው። እንደገና ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ቆመ፣ ዙሪያውን ያለውን ሰው ተመለከተ፣ እንደገና ወደ እርሳቸው ዞረ። እጁ ውሃው ውስጥ ነበር።

«ከድር፣ አውጣቸው እንጂ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቢኒ ነው። ልብሱን እንደለበሰ ከዳር ዘለለ።

ስደርስ ቢኒ ገልብጧቸዋል። ከንፈራቸው ላይ የነበረው ቀለም የቢኒን ቀን አስታወሰኝ፤ ይሄኛው ይጠቁራል። መነጽራቸውን አወለቅሁ፣ እፍ አልኩ፣ «ጋሼ ይተንፍሱ፣ ጋሼ» እያልኩ ጠራሁ። አልሳቡም። በአፋቸው ትንፋሽ ሰጠሁ። ጥቂት ቆይተው ሳቡ። ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር የአሳሳባቸው ድምፅ በግቢው ሁሉ ተሰማ። ሕዝቡ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ።

«ማን ነኝ?» አልኳቸው አገጫቸውን ይዤ። መልስ አልሰጡኝም።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከድር ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ ተቀመጥ ብለው እንቢ አለኝ።

«ነካኋቸው ቲቸር። ጣታቸው አልተነሣም። ደግሜ ነካኋቸው።»

«እሺ።»

«ሊፈትኑኝ መሰለኝ። ያ ሁሉ ሰው ቆሟል። ገልብጫቸው ደህና ቢሆኑስ? በሰው ፊት አዋረድከኝ ቢሉኝስ? እጄ እኮ አገጫቸው ሥር ደርሶ ነበር። ሥሩ ነበር።» እጁን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ልክ አገጭ የሚይዝ እጅ። «የጋሼን ፊት እንዴት አድርጌ ልያዝ?»

ትንፋሽን፣ የተቃጠለ አየርን፣ ቆጣሪን ሁሉ አስረድቼዋለሁ፤ ከማንም በላይ የገባውም እሱ ነው። ቢኒ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። «እኔን ቢያደርጉኝ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና የከድርን ፊት አይቶ ተወው።

ጋሽ መኩሪያ አልሞቱም። ገንዳው ግን ሞተ፤ ዛሬ አፈር ተሞልቶ መኪና ይቆምበታል። ልጆቹ ተበታተኑ። ቢኒ ላዳ ይነዳል። ከድር አባቱ ሱቅ ገባ። ጌጃ ሰፈር ወደ ጋሽ መኩሪያ ቤት ስሄድ አንዳንዴ በር ላይ አገኘዋለሁ፤ ብርቱካን ያመጣል፣ ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ ያቀብላል፣ ይመለሳል። ግባ ሲሉት «ሱቁን ማንም አልያዘልኝም» ይላል።

እርሳቸው አልጋ ላይ ናቸው። አተነፋፈሳቸው ያምራል። ሆዳቸው ቀስ ብሎ ከፍ፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል፤ ሸበጥ ቢቀመጥበት አይዘልም። ከሰውነታቸው ያልጠፋው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ጉብኝቴ አጠገባቸው ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩና «ጋሼ፣ ማን ነኝ?» አልኳቸው። ብዙ አዩኝ። ፊታቸው ላይ የማያውቁትን እንግዳ እንዳያስቀይሙ የሚጠነቀቁ ሰው ጨዋነት ነበር።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ውሃ አልተመለስኩም። ክፍል ውስጥ ግን ስለ መተንፈሻ አካላት የማስተምርበት ጊዜ በየዓመቱ ይመጣል። በቅርቡ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቆጣሪውን፣ ወናፉን፣ ጣቱን። ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው፣ ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም እጁን ያወጣል። ከዚያ ወንበሬን ወደ ፊት አመጣሁና «አሁን እኔ ጠላቂ ነኝ፤ እናንተ ጠባቂ ናችሁ፤ ጣቴ ከወረደ ራሴን ስቻለሁ ማለት ነው» አልኩ። ተቀመጥኩ፣ ራሴን ጎንበስ አድርጌ ጣቴን አነሣሁ። ትንፋሽ አልያዝኩም፤ ማስመሰል ነበር። ጥቂት ቆይቼ ጣቴን አወረድኩ።

ጠበቅሁ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ የተነሣ ግን የለም። ከኋላ አንዱ «ወረደ፣ ወረደ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። ከፊት ያለችው ልጅ ትንፋሽዋ ይሰማኛል፣ እጅዋ ለትከሻዬ ይደርሳል። ጠበቅሁ። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ያውቃል። የነካኝ የለም።

ቀና አልኩ።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ።

«ቲቸርን እንዴት እንነካለን?» አለች የፊተኛዋ፣ ያጠፋች እየመሰላት።

አልተቆጣኋትም። ጥሩ አስተዳደግ ያላት ልጅ ናት፤ ከድርም እንደዚያው ነበር። ትምህርቱን ደጋግሜ ማስረዳት እችላለሁ፣ እስከ ጡረታዬም አስረዳ ይሆናል። ያቺን እጅ ከጉልበት ላይ የሚያነሣ ነገር ግን ከአፌ የሚወጣ አይመስለኝም።

ስለዚህ እርስዎን አንድ ነገር ልለምንዎት። ውሃ አያስፈልግም፣ ማንም ትንፋሽ አይያዝ። ዛሬ ማታ አባትዎን፣ ወይም የሚያከብሩትን ማንኛውንም ትልቅ ሰው፣ ወንበር ላይ ያስቀምጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጣት እንዲያነሡ፣ በፈለጉበት ጊዜም እንዲያወርዱት ይንገሯቸው። ጣቱ ሲወርድ ትከሻቸውን ይንኩ፣ አገጫቸውን በእጅዎ ይዘው ፊታቸውን ቀና ያድርጉ። ሊስቁብዎት ይችላሉ፣ ሊቆጡም ይችላሉ። እጅዎ መንገድ ላይ ከቆመ ደግመው ይሞክሩት።